የሰማይ ስባሪ

«የሰማይ ስባሪ ያህላል» ይላሉ፣ ሰው ቁመቱ ሲረዝም፤
እኔ ስንቱን ይዣለሁ፣ መዝኛለሁ፤ ከጡጫ አይበልጥም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በባቡሩ ጋራዥ ብረት ስሞርድ ኖሬ
ጡረታ ሲያወጡኝ፣ እጄ ሥራ ቢያጣ፣ ድንጋይ ገዢ ሆንኩኝ ዞሬ።
ቀፊራ መግቢያው ላይ፣ ከሰልባጅ ነጋዴው ከቃሪያው ጎን ለጎን
አንድ በርጩማ አለኝ፣ አንድ የወርቅ ሚዛን፣
ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩት ማግኔት፣
የሸክላ ንጣፍ፣ ሞረድ፣
ትንሽም ትዕግሥት።

ብዙው የሚመጣልኝ
የሐዲድ ጠጠር ነው፣ የእቶን ዝቃጭ ነው፣ የዛገ ብሎን ነው፤
ገንዘብ ባለበት ቀን የማይወድቅ ምን አለ፣ ሁሉም ከሰማይ ነው።
አንዱ ልጅ ከደቻቱ አሸዋ፣ ጎርፍ ያሟለጨውን የጠርሙስ ቂጥ ይዞልኝ
«ኮከብ ነው፣ ሲወድቅ አይቻለሁ» ብሎ በአባቱ ማለልኝ።
አምስት ብር ሰጠሁት፣ ለመሐላው ብዬ።
ጠርሙሱን መለስኩኝ።

እውነተኛው ሲመጣ አይናገርም።
ጥቁር ቅርፊት ለብሶ፣ ጌጥ የለው፣ ቀለም የለው፣
አንድ ሰው ሊጥ መስሎት በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ የተወው፤
ማግኔቱን ሳስጠጋ፣ ባለዕዳውን መንገድ ላይ እንዳገኘ አበዳሪ
ዘሎ ነው የሚይዘው።

ሂቦ ሮብሌ ግን ልትሸጥ አልመጣችም።
ከሽንሌ ማዶ፣ ፍየል በጫነ አይሱዙ፣ በቢጫ ሻሽ ቋጥራ
ሚዛኔን ገፋችና ጭኔ ላይ አኖረችው፣ ወንጀለኛ እንደሚያስረክብ በአደራ።
«ግመሌን ገድሏል» አለች።
«ሌሊት ነው። ብርሃን፣ ከዚያ ጩኸት።
ሲነጋ የምትታለበዋ ጎኗ ተበስቶ ወድቃለች።
ሽማግሎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ገዳዩ ተይዟል፣ ጎሳው ግን ጠፋ።
የገደለ ይከፍላል፤ ካልቻለ ወገኑ። ለዚህ ወገን ሲጠፋ
ድሬ አንድ ሰውዬ አለ አሉኝ፣ የእነዚህን ዘር የሚሰበስብ፣
ስማቸውን የሚጽፍ፣ ጥጥ ላይ የሚያስተኛ፣ ክብደታቸውን የሚያስብ።
ወገን ማለት ይሄ ካልሆነ
ምንድነው?»

ሳቅኩ። አልሳቀችም።
መዘንኩት፤ ዘጠኝ መቶ አርባ ግራም።
በሞረድ ጥጉን ነካ ባደርገው፣ እንደ አዲስ ሐዲድ አብለጨለጨ።
ዋጋው ወዲያው ገባኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ግንባሬን ላብ ረጨ።
ከጅቡቲ የሚመጣው ገዢ በግራም ነው የሚከፍል፤
ይሄ አሥር ግመል ነው፣ ያውም ከነግልገል።
አፌ ግን የነጋዴ ነው።
«አንዲት ግመል ስንት ናት?» አልኩኝ።
ነገረችኝ። ከፈልኩኝ።
ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ባዶ ሻሿን አራግፋ ራሷ ላይ አሰረች፣
«ደሙ ደረቀ፣ ታርቀናል» ብላ እጄን ጨብጣ ሄደች።

ገዢው በወሩ መጣ።
በመጋዝ ሰንጥቆ፣ በአሲድ አጥቦ፣ ሆድ ዕቃውን ሊያይ።
የጠራውን ዋጋ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳት፣ ሰይጣን እንዳይሰማ ብዬ፤
«አይሸጥም» አልኩት፤ «ዘመዴ ነው» ብዬ።
አስተርጓሚው ራሱ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ደግ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ።
ብሸጠው ዘጠኝ ግመል ትርፌ ነው፤
ባልሸጠውም ያው ዘጠኙ ዕዳዬ ነው፤
ወገን ነኝ ብዬ ከፍዬ፣ ወገኔን አታልዬ።
የሂቦን መንደር አውቃለሁ። አይሱዙው ማክሰኞ ማክሰኞ ይነሣል።
እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም።

ማታ ማታ፣ የገንደ ቆሬ ወበቅ ቤት አላስቀምጥ ሲል
አልጋዬን ግቢ አውጥቼ በጀርባዬ እጋደማለሁ።
ኮከብ ተወርውሮ ሲጠፋ ጎረቤቴ ታማትባለች፤
«ሰው ሞተ» ትላለች።
እኔ ብድግ እላለሁ፤
ደግሞ የማን ግመል ይሆን?